የሰርቨር ደኅንነት የሚለካው በሚፈቅደው ዝቅተኛ ስሪት ነው፦ «ሁሉንም ክፍት አድርጉ» ለሚል ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰርቨሮች ከደንበኛ ፕሮግራሞች ጋር የሚያደርጉትን ግንኙነት በየትኛው የቲኤልኤስ (በኢንተርኔት የሚያልፍ ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ፕሮቶኮል) ስሪት ማመስጠር እንዳለባቸው የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሲስተም አስተዳዳሪዎች መካከል ሲዘዋወር አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የቀረበ ነው፤ ጸሐፊውም በሥራው ውስጥ ያሉ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለዚህ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ዋና ምክራቸው ከቲኤልኤስ 1.0 እስከ 1.3 ያሉትን ስሪቶች በሙሉ ክፍት አድርጎ ምርጫውን ለደንበኛው መተው ነው። ለዚህም አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሁለቱ ወገኖች ምንጊዜም የሚግባቡበትን ከፍተኛ ስሪት ስለሚመርጡ አሮጌው ክፍት መሆኑ ዘመናዊውን ተጠቃሚ አይጎዳም ይላሉ። በቲኤልኤስ 1.0 ላይ የተነገሩት ጥቃቶች ከቤተ ሙከራ ያልወጡ ናቸው ይላሉ። አሮጌውን መዝጋት ደንበኛ ያሳጣል፣ ደካማ ምስጠራም ቢሆን ከምንም ይሻላል ብለው ያምናሉ። ቲኤልኤስ 1.3 የትራፊክ ክትትልን ስለሚያሳውር መቸኮል አያስፈልግም ባይ ናቸው። በመጨረሻም በውስጥ ኔትወርክ ላይ ስለ ስሪት መጨነቅ ትርፍ ድካም እንደሆነ ይገልጻሉ።

እኔ ከዚህ ምክር ጋር አልስማማም። ሰርቨር የሚደግፈው ከፍተኛ ስሪት የሚያሳየው በመልካም ቀን ምን መሥራት እንደሚችል ነው፤ አጥቂ በመካከል በተገኘበት ቀን ተጠቃሚው የሚያገኘውን ጥበቃ የሚወስነው ግን ሰርቨሩ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነው ዝቅተኛ ስሪት ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪው በቅንብር ፋይሉ ውስጥ የስሪቶችን ዝርዝር ሲጽፍ በተግባር እየመረጠ ያለው የመጨረሻውን ዝቅታ ነው። ይህን በየነጥቡ ላስረዳ።

አስቀድሞ የዘመን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይሁን፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቲኤልኤስ ቀዳሚ ከሆነው ፕሮቶኮል ኤስኤስኤል 2.0 በ1995፣ ኤስኤስኤል 3.0 በ1996 ከኔትስኬፕ ኩባንያ ወጡ። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል ወደ አይኢቲኤፍ ተዛውሮ ቲኤልኤስ 1.0 በ1999፣ 1.1 በ2006፣ 1.2 በነሐሴ 2008፣ 1.3 ደግሞ በነሐሴ 2018 ታተሙ። ይኸው አካል ኤስኤስኤል 2.0ን በ2011፣ ኤስኤስኤል 3.0ን በ2015 ከአገልግሎት አግዷል፤ በመጋቢት 2021 ባወጣው አርኤፍሲ 8996 በተባለው የደረጃ ሰነድ ደግሞ ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ሥራ ላይ መዋል እንደሌለባቸው በማያሻማ ቋንቋ ደንግጓል። የጸሐፊው ምክር እንግዲህ የሚጋጨው ከኔ አስተያየት ጋር ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ከሁሉም የበለጠ አሳማኝ ስለሚመስል ረዘም አድርጌ እመለከተዋለሁ። በንድፍ ደረጃ የሚሉት እውነት ነው። ደንበኛው ግንኙነት ሲጀምር የሚችለውን ከፍተኛ ስሪት ያስታውቃል፤ ሰርቨሩም ከራሱ አቅም ጋር አመዛዝኖ ይመልሳል፤ በመተዋወቂያው ልውውጥ ማብቂያ ላይ ሁለቱም እስከዚያ የተባባሉትን ሁሉ በቁልፍ ያረጋግጣሉ። በመካከል የተቀመጠ ሰው የስሪቱን ቁጥር ቢለውጥ ማረጋገጫው ስለማይገጥም ግንኙነቱ ይቋረጣል። ጸሐፊው የተማመኑት በዚህ ማረጋገጫ ነው።

ነገር ግን በተግባር የሆነው ሌላ ነው። ብዙ ሰርቨሮችና በመንገድ ላይ ያሉ መሣሪያዎች የማያውቁት የስሪት ቁጥር ሲመጣባቸው ዝቅ ያለውን እንደመመለስ ግንኙነቱን ይጥሉት ነበር። ብራውዘሮችም ተጠቃሚያቸው ገጹ አልከፈት ብሎት እንዳይቀር በማሰብ፣ ግንኙነት ሲከሽፍ በዝቅተኛ ስሪት እንደ አዲስ መሞከርን ልማድ አደረጉት። በዚህ ጊዜ አጥቂው አንዲትም ቁጥር መለወጥ አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች እያቋረጠ መጣል ይበቃዋል። ብራውዘሩ ራሱ በገዛ ፈቃዱ ወደ ኤስኤስኤል 3.0 ይወርድለታል። የመጨረሻው ሙከራ ከመነሻው በኤስኤስኤል 3.0 የተጀመረ ስለሆነ ማረጋገጫው ያለ እንከን ይገጥማል፤ የተነካካ ነገር የለምና።

ፑድል የተባለው ጥቃት በጥቅምት 2014 በጎግል ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው በዚህ በር ገብቶ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በኤስኤስኤል 3.0 ውስጥ ሲቢሲ በተባለው የማመስጠር ዘዴ መልእክቱ እኩል መጠን ባላቸው ብሎኮች ተከፍሎ ይመሰጠራል፤ የመጨረሻው ብሎክ ካልሞላ በማሟያ ባይቶች ይሞላል። ሰርቨሩ ከነዚህ ባይቶች ውስጥ የሚመለከተው የመጨረሻዋን፣ ማለትም የማሟያውን ርዝመት የምትናገረውን ብቻ ነው፤ የቀሩት ምንም ይሁኑ ምን አይጠይቅም፤ የመልእክቱ ማረጋገጫ ኮድም ማሟያውን አይሸፍንም። አጥቂው በተጎጂው ብራውዘር ውስጥ ስክሪፕት ማስኬድ ከቻለ የሚላኩትን ጥያቄዎች ርዝመት እያስተካከለ ሁለት ነገር ያመቻቻል፤ የመጨረሻው ብሎክ በሙሉ ማሟያ ይሆናል፣ የሚፈልጋት የኩኪ (ብራውዘሩ ተጠቃሚውን ለድረ ገጹ የሚያስታውቅበት ምልክት) ባይት ደግሞ በአንድ ብሎክ መጨረሻ ላይ ትወድቃለች። ከዚያ ያንን ብሎክ ገልብጦ በማሟያው ቦታ ይተካዋል። ሰርቨሩ በአማካይ ከ256 ሙከራ አንዱን ይቀበላል፤ በተቀበለ ጊዜ ያቺ አንዲት ባይት ትታወቃለች። አሥራ ስድስት ባይት ያለው ኩኪ በአማካይ 4,096 ጥያቄዎች ይበቁታል ማለት ነው፤ ይህም ለአንድ ስክሪፕት ቀላል ሥራ ነው። ኩኪው በእጁ የገባ ሰው የይለፍ ቃል ሳያውቅ የተጎጂውን አካውንት ይከፍታል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው እንዲያስተውሉልኝ የምሻው የተጠቃው ማን እንደነበረ ነው። በፑድል የተጋለጠው በአሮጌ ኮምፒውተር የተቀመጠ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ብራውዘሩም ሰርቨሩም ቲኤልኤስ 1.2ን በሚገባ የሚችሉ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ ያለውን ፕሮቶኮል ግን «ለማንኛውም» ብለው ክፍት የተዉ ሁሉ ተጋልጠዋል።

ይህ የብራውዘሮች ጥፋት እንጂ የሰርቨሩ አይደለም ሊባል ይችላል። ድራውን የተባለው የመጋቢት 2016 ግኝት ግን ለዚህ ማምለጫ ቦታ አይተውም። በዚያን ጊዜ በኤስኤስኤል 2.0 የሚገናኝ ብራውዘር አልነበረም። ሆኖም አንድ ሰርቨር ያንን ስሪት እስከ ፈቀደ ድረስ፣ አጥቂው ከሌላ ቦታ የቀዳውን የቲኤልኤስ 1.2 ግንኙነት ለመፍታት ያንኑ ሰርቨር እየጠየቀ መልሱን እንደ ፍንጭ ሊጠቀምበት ቻለ። የሚያስፈልገው ኤስኤስኤል 2.0 የሚፈቅደው ሰርቨርና ግንኙነቱ የተቀዳበት ሰርቨር አንድ ዓይነት የአርኤስኤ (የታወቀ የምስጠራና የፊርማ ስልት) ቁልፍ መጋራታቸውና የተቀዳው ግንኙነት ቁልፉን በአርኤስኤ የተለዋወጠ መሆኑ ነው። የድረ ገጹ ሰርቨር ራሱ ንጹሕ ሆኖ፣ በዚያው ሰርተፍኬት (የሰርቨሩን ማንነትና ቁልፍ የሚያረጋግጥ ሰነድ) የሚሠራ አንድ የተረሳ የኢሜይል ሰርቨር ብቻ ኤስኤስኤል 2.0 ቢፈቅድ ድረ ገጹ ይጋለጥ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ድረ ገጽ) ሰርቨሮች 33 ከመቶ ያህሉ ለዚህ የተጋለጡ እንደሆኑ ገምተዋል፤ አጠቃላይ የሆነውን የጥቃቱን ዓይነት በኪራይ ኮምፒውተሮች ከስምንት ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ በ440 ዶላር ወጪ ሠርተው አሳይተዋል። አሮጌው ስሪት ዘመናዊውን አይጎዳም የሚለው አባባል ከዚህ በኋላ እንዴት ሊቆም እንደሚችል አይታየኝም።

ሦስተኛ ምሳሌ አክላለሁ፤ ምክንያቱም የንድፉ ማረጋገጫ ራሱ ጸሐፊው የሚሉትን ያህል ሰፊ አለመሆኑን ያሳያል። እስከ ቲኤልኤስ 1.2 ድረስ ሰርቨሩ የዲፊ ሄልማን ቁልፍ መለዋወጫ ቁጥሮቹን ሲፈርም፣ ፊርማው የተመረጠውን የምስጠራ ስልት ስም አይጨምርም። በግንቦት 2015 ይፋ የሆነው ሎግጃም ይህንን ክፍተት ተጠቀመ። አጥቂው የደንበኛውን ጥያቄ ለውጦ ሰርቨሩ ሆን ተብሎ የተዳከመውን፣ ከ1990ዎቹ የወጪ ንግድ ገደብ የተረፈውን የ512 ቢት ቁልፍ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ መልሱን ደግሞ መደበኛ አስመስሎ ለደንበኛው ያቀርባል፤ ፊርማው እውነተኛ ስለሆነ ደንበኛው ይቀበላል። የ512 ቢቱን ቁልፍ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ መስበር ከቻለ የመጨረሻውን ማረጋገጫም ራሱ ይሠራዋል። ቲኤልኤስ 1.3 ፊርማው ሙሉውን ልውውጥ እንዲሸፍን ያደረገው ከዚህ ተምሮ ነው።

ለጸሐፊው ልሰጣቸው የሚገባ ሐቅ አለ። ቲኤልኤስ 1.0 ኤስኤስኤል 2.0 አይደለም። የዛሬ ብራውዘሮች ወደ ታች እየወረዱ የመሞከር ልማዳቸውን ትተዋል። ቲኤልኤስ 1.3 የሚችል ሰርቨር ወደ ዝቅተኛ ስሪት ሲወርድ በሚልከው የዘፈቀደ ቁጥር የመጨረሻ ስምንት ባይቶች ላይ የታወቀ ምልክት ስለሚያስቀምጥ፣ 1.3 የሚችል ደንበኛ መታለሉን ሊያውቅ ይችላል። እነዚህ መልካም ጥበቃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሚሠሩት ሁለቱም ወገኖች በትክክል ሲተገብሯቸው ነው፤ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገረው ደግሞ ብራውዘር ብቻ አይደለም። የሞባይል አፕሊኬሽን፣ የክፍያ ማገናኛ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ ፕሮግራም፣ አንድ ሰው ጽፎት የሄደ ስክሪፕት ሁሉ ደንበኛ ነው፤ ግንኙነት ሲከሽፍ በዝቅተኛ ስሪት ድጋሚ እንዲሞክር ተደርጎ የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም ሊኖር ይችላል። ሰርቨሩ አሮጌውን ስሪት ከዘጋ እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚወርድበት ቦታ አያገኝም። ሰርቨሩ ካልዘጋ ግን የተጠቃሚው ደኅንነት ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው በማያውቀው የሌላ ሰው ኮድ ላይ ይንጠለጠላል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጸሐፊው ቢስት የተባለውን የ2011 ጥቃት ጠቅሰው ብራውዘሮች መላ እንዳበጁለት፣ ስለዚህም ጉዳዩ እንዳበቃ ይናገራሉ። ብራውዘሮች መልእክቱን ከፋፍለው በመላክ መላ ማበጀታቸው ትክክል ነው። የተረሳው ግን የዚያ ታሪክ ቀጣይ ክፍል ነው። ቢስት ያጠቃው ሲቢሲን ስለነበር በወቅቱ ብዙ አስተዳዳሪዎች አርሲ4 ወደተባለው ሌላ የምስጠራ ስልት እንዲዞሩ ተመከሩ። በ2013 አርሲ4 ራሱ በቲኤልኤስ ውስጥ የሚያደላ ውጤት እንደሚያወጣና ኩኪን ለመገመት እንደሚያስችል ታየ፤ በየካቲት 2015 አርኤፍሲ 7465 ሙሉ በሙሉ ከለከለው። በዚያው በ2013 ላኪ 13 የተባለው ጥቃት ሲቢሲ በቲኤልኤስ ውስጥ የተተገበረበት መንገድ በጊዜ ልዩነት ምስጢር ሊያፈስ እንደሚችል አሳየ። በ2016 ደግሞ ስዊት32 የ64 ቢት ብሎክ የሚጠቀመው ትሪፕል ዴስ የተባለው አሮጌ የምስጠራ ስልት በአንድ ቁልፍ ብዙ ዳታ ሲተላለፍበት አስተማማኝ እንዳልሆነ አረጋገጠ።

አሁን ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ይዘውት የቀረውን እንቁጠር። አርሲ4 ተከልክሏል፤ ትሪፕል ዴስ ወድቋል፤ የቀረው በዋናነት ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት በሲቢሲ ነው፤ እሱም ትግበራው በጥንቃቄ ካልተሠራ ምስጢር የሚያፈስ ነው። ምስጠራንና ማረጋገጫን አንድ ላይ የሚሠሩት እንደ ኤኢኤስ ጂሲኤም ያሉ ስልቶች ወደ ቲኤልኤስ የገቡት ከ1.2 ጀምሮ ነው። በ1.0 እና 1.1 ሰርቨሩ ቁልፉን ሲፈርም የሚጠቀመው ሃሽ (የመልእክት አጭር አሻራ የሚያወጣ ስልት) ደግሞ በኤምዲ5 እና በኤስኤችኤ-1 ላይ የተቸነከረ ነው፤ ተደራድሮ መለወጥ አይቻልም። ኤስኤችኤ-1 በየካቲት 2017 አንድ ዓይነት ሃሽ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ተሠርተው በይፋ የታዩበት ስልት ነው። ስለዚህ ክርክሩ በአንድ ጥቃት ተግባራዊነት ላይ ሊሆን አይገባም፤ አስተዳዳሪው ቢፈልግ እንኳ በነዚህ ስሪቶች ውስጥ ጤነኛ የሆነ የሚመርጠው ነገር አያገኝም።

«ቤተ ሙከራ» የሚለውን ማቃለያም በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ዳንኤል ብላይኸንባኸር በአርኤስኤ ቁልፍ ልውውጥ ላይ ያሳዩት ጥቃት የ1998 ነው። በታህሳስ 2017 ሮቦት በሚል ስም የወጣው ጥናት ያው ጥቃት፣ በጥቂቱ ተለውጦ፣ በታወቁ ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ ሳይቀር እንደሚሠራ አረጋገጠ፤ ተመራማሪዎቹ በአንድ ታላቅ ድረ ገጽ የግል ቁልፍ የተፈረመ መልእክት ሠርተው አሳዩ። በመካከሉ 19 ዓመት አልፏል። በምስጠራ ዓለም የወጣ ጥቃት እየረከሰና እየተሻሻለ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይዳከምም፤ ዛሬ የተቀዳ ትራፊክ ደግሞ ነገ እስኪረክስ ድረስ በዲስክ ላይ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ደንበኛ እንዳይጠፋ መስጋት፣ ከሁሉም በላይ የማከብረው ነው፤ ምክንያቱም ከሱ በስተጀርባ አዲስ መሣሪያ መግዛት ያልቻለ ሰው አለ። ጸሐፊው ደካማ ምስጠራ ከምንም ይሻላል ሲሉም ፍጹም አልተሳሳቱም። በኢሜይል ሰርቨሮች መካከል በሚደረገው ልውውጥ፣ ምስጠራው ካልተሳካ መልእክቱ በግልጽ ጽሑፍ እንዲያልፍ የሚደረግበት አሠራር አለ፤ በዚያ ቦታ ብቻ አሮጌ ስሪት መፍቀድ መልእክቱን በግልጽ ከመላክ ይሻላል የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል። በድረ ገጽ ላይ ግን ሁኔታው ይለያል። ተጠቃሚው የቁልፉን ምልክት አይቶ የባንክ ቁጥሩን የሚጽፈው ተጠብቄያለሁ ብሎ ነው፤ ደካማነቱ አይነገረውም። ያልተጠበቀ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ጠፋ የሚባለው ደንበኛ በርግጥ ስለመኖሩ ማስረጃ ሊቀርብ ይገባል፤ ማስረጃውም በእያንዳንዱ ሰርቨር ሎግ (የእንቅስቃሴ መዝገብ) ውስጥ ይገኛል። በኤንጂንኤክስም ሆነ በአፓቼ የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራሞች የሎጉን ቅርጽ አስተካክሎ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተጠቀመበትን የቲኤልኤስ ስሪትና የምስጠራ ስልት ስም እንዲጽፍ ማድረግ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ይህን ቢያንስ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ በሚያካትት ጊዜ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ የሂሳብና የሪፖርት ፕሮግራሞች አሉና። ከዚያ በ1.0 እና በ1.1 የመጡትን ለይቶ የፕሮግራማቸውን ስምና አድራሻ ማየት ነው። እንዲህ ያደረገ አስተዳዳሪ ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ክፍት በር የሚፈልጉ ስካነሮችን፣ ማንም ያላደሰውን የክትትል መሣሪያና ጥቂት የቆዩ የሲስተም ማገናኛዎችን ነው። ማገናኛዎቹ ባለቤት አላቸውና ደውሎ ቀን መቁረጥ ይቻላል።

ሰዎች በእጃቸው የያዟቸውን መሣሪያዎች በተመለከተ ደግሞ፣ አንድሮይድ ከ2014ቱ 5.0 ጀምሮ ቲኤልኤስ 1.2ን ያለ ተጨማሪ ቅንብር ይጠቀማል። ጃቫ 8 በዚያው ዓመት እንዲሁ አድርጓል፤ ጃቫ 7 ችሎታው ቢኖረውም በደንበኛ በኩል ዝግ ስለነበር በቅንብር መክፈት ይበቃዋል። ብዙ ፕሮግራሞች ለምስጠራ የሚጠቀሙበት ኦፕንኤስኤስኤል ከ2012ቱ 1.0.1 ጀምሮ ይችለዋል። አፕል፣ ጎግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ በጥቅምት 2018 በአንድ ቀን ባወጡት መግለጫ አሮጌዎቹን ስሪቶች ከ2020 ጀምሮ ከብራውዘሮቻቸው እንደሚያወጡ አስታውቀው ፈጽመዋል። ከዚህ ሁሉ የሚቀሩት በጣም የቆዩ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በሌላም ምክንያት ይሰናከላሉ፤ ለምሳሌ ሦስተኛው ሰርቪስ ፓክ ያልተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ በኤስኤችኤ-256 የተፈረመ ሰርተፍኬት ማረጋገጥ ስለማይችል፣ ቲኤልኤስ 1.0 ክፍት ቢሆንለትም የዛሬውን ሰርተፍኬት አይቀበልም።

በርግጥ ሊታደስ የማይችል መሣሪያ ያለበት ሥራ አለ፤ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ወይም የሆስፒታል መለኪያ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው መፍትሔው ዋናውን በር ለሁሉም ማላላት አይደለም። የራሱ የሆነ የሰርቨር ስም፣ የራሱ ሰርተፍኬትና ከሌላ ጋር የማይጋራ ቁልፍ ተሰጥቶት፣ የሚደርስበት ዳታ ተወስኖ፣ የሚዘጋበትም ቀን ተጽፎ ለብቻው ይቀመጥ። ቁልፉ ለብቻው ይሁን የምለው ከላይ ስለ ድራውን በተናገርኩት ምክንያት ነው። የክፍያ ካርድ የሚቀበሉ ድርጅቶች ደግሞ ይህን ጥያቄ ጨርሰውታል፤ የካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደረጃ ኤስኤስኤልንና ቲኤልኤስ 1.0ን ለመተው የሰጠው የጊዜ ገደብ ሰኔ 30 ቀን 2018 አልቋል።

አራተኛው ነጥብ ስለ ቲኤልኤስ 1.3 ነው። ገና አልተፈተነም የሚለውን ስጋት በአጭሩ ልመልሰው፤ ከመታተሙ በፊት 28 ረቂቆች ተዘጋጅተውለታል፣ ምሁራንም በሒሳባዊ ማረጋገጫ መሣሪያዎች አስቀድመው መርምረውታል፤ ከወጣ ወዲህም በዋና ዋና ብራውዘሮችና ሰርቨሮች ሁሉ ውስጥ በሥራ ላይ ነው። ፍጥነቱም ይሻላል፦ ቲኤልኤስ 1.2 አዲስ ግንኙነት ለመመሥረት ሁለት ዙር ምልልስ ሲፈልግ 1.3 አንድ ይበቃዋል፤ አንዱ ዙር 200 ሚሊሰከንድ በሚወስድበት ሩቅ መስመር ላይ ያ ሁሉ ጊዜ ከእያንዳንዱ ግንኙነት ይተርፋል።

ክብደት ያለው ክርክራቸው ስለ ክትትል ያነሱት ነው። በትልልቅ ኔትወርኮች ውስጥ የሰርቨሩን የግል ቁልፍ የያዘ መሣሪያ የትራፊኩን ቅጂ በጎን ተቀብሎ እየፈታ ጥቃትን ይፈልጋል። ቲኤልኤስ 1.3 በሰርተፍኬት ለሚጀመር ግንኙነት ሁሉ ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚፈጠር ጊዜያዊ ቁልፍ የግድ ስላደረገ ይህ አሠራር አይቻልም። ጸሐፊው ይህን ከስሪቱ ጉድለት ቆጥረውታል። ነገር ግን ጊዜያዊው ቁልፍ በቲኤልኤስ 1.2ም አለ፤ ኢሲዲኤችኢ የሚባለውን የቁልፍ ልውውጥ የሚጠቀም ማንኛውም የ1.2 ግንኙነት በዚያ መሣሪያ አይፈታም። ስለዚህ ጸሐፊው ክትትላቸውን ለማቆየት 1.3ን መዝጋት ብቻ አይበቃቸውም፤ ደንበኞቻቸውን ሁሉ ሮቦት ወደታየበት የአርኤስኤ ቁልፍ ልውውጥ መመለስ አለባቸው። የዚያ ዋጋ ደግሞ ያ አንድ ቁልፍ የተሰረቀ ዕለት፣ ለዓመታት የተቀዳ ትራፊክ ሁሉ በአንድ ጊዜ መከፈቱ ነው። ትራፊኩን ማየት የግድ ለሆነበት ሥራ ምስጠራውን በሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ) ወይም በፕሮክሲ (በመካከል ሆኖ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ላይ ጨርሶ ከዚያ በኋላ መመርመር ወይም ሰርቨሩ የየግንኙነቱን ቁልፍ ለመርማሪው በተጠበቀ መንገድ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይቻላል። ሥራ ይጨምራል፤ ግን ያለፈውን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ላይ አያስይዝም።

በዚህ ነጥብ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድ ነገር አለ። ቲኤልኤስ 1.3 ቀድሞ የተገናኘ ደንበኛ ያለ ምንም ዙር ዳታ እንዲልክ የሚፈቅድበት አማራጭ፣ አጥቂ ያንኑ ዳታ ቀድቶ ደግሞ እንዲልከው ዕድል ይሰጣል። ገንዘብ የሚያዝዝ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ አማራጩ የግዴታ አይደለም፤ በኤንጂንኤክስ ሆን ተብሎ ካልተከፈተ ዝግ ነው። ዝግ ሆኖ ይቆይ።

ጸሐፊው በዚሁ መሐል እግረ መንገዳቸውን ቲኤልኤስ 1.2 እስካለ ድረስ ስለ ሌላው ማሰብ አያስፈልግም ብለዋል። 1.2 ዛሬም መታመን የሚገባው ስሪት ነው፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነን ሰርቨር 1.3 ብቻ እንዲቀበል ማድረግም ለብዙዎች ገና ነው። ግን 1.2 የሚለው ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ትሪፕል ዴስንም፣ ሲቢሲንም፣ የአርኤስኤ ቁልፍ ልውውጥንም ይፈቅዳልና። የምስጠራ ስልቶቹ ዝርዝር በኢሲዲኤችኢ ቁልፍ ልውውጥ ከኤኢኤስ ጂሲኤም ወይም ከቻቻ20 ፖሊ1305 ጋር ለሚሠሩት መወሰን አለበት። በ1.3 ይህ ድካም የለም፤ ደካሞቹ ከመጀመሪያው ስለወጡ የቀሩት አምስት የምስጠራ ስልቶች ብቻ ናቸው። ቲኤልኤስ 1.3ን ከ1.2 ጎን ለመክፈት ዋናው ምክንያቴ ይህ ነው፤ አስተዳዳሪው ተሳስቶ ሊመርጠው የሚችለውን ነገር ይቀንስለታል።

የውስጥ ኔትወርክን በሚመለከተው አምስተኛ ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ክርክሩ ወደ ተቃራኒው ያመራልና። በውስጥ ኔትወርክ ሁለቱንም ጫፎች የሚያስተዳድረው አንድ ድርጅት ነው፤ የማይታወቅ ደንበኛ፣ የማይታደስ የሰው ስልክ የለበትም። ስለዚህ ስሪትን ከፍ ለማድረግ ከሁሉ የቀለለው ቦታ እዚያ ነው፤ ከዳታቤዝ ወደ አፕሊኬሽን የሚሄደውን መስመር 1.3 ብቻ እንዲቀበል ማድረግም የሚቻለው እዚያ ነው። አጥቂ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ከያዘ በኋላ የሚንቀሳቀሰው በዚሁ የውስጥ መስመር ላይ ነው።

አሮጌዎቹን ለመዝጋት የወሰነ ሰው ቅንብሩን ለውጦ ሰርቪሱን ዳግም በማስነሳት ብቻ እንዳያበቃ አደራ እላለሁ። የኦፕንኤስኤስኤልን የሙከራ ደንበኛ ከውጭ ሆኖ በቲኤልኤስ 1.0፣ ቀጥሎም በ1.1 ብቻ እንዲገናኝ አስገድዶ መሞከርና ሁለቱም መከልከላቸውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ አዳዲሶቹ የኦፕንኤስኤስኤል 3 ስሪቶች በመደበኛ የደኅንነት ደረጃቸው 1.0ን እና 1.1ን ራሳቸው ስለማይቀበሉ፣ ሙከራው የከሸፈው በሰርቨሩ ይሁን በሞካሪው መለየት አለበት፤ ለሙከራው ደረጃውን ወደ ዜሮ ማውረድ ግድ ይሆናል። ሙከራው ከድረ ገጹ ፖርት ባሻገር የኢሜይሉን፣ የማውጫ አገልግሎቱንና የአስተዳደር ገጹን ፖርቶች ያካትት፤ ከፊት ለፊት ሎድ ባላንሰር ካለ ለተጠቃሚው የሚታየው የሱ ቅንብር ስለሆነ እሱም ይፈተሽ። በኤንጂንኤክስ ብዙ ሳይቶች አንድ አድራሻና ፖርት ሲጋሩ ደግሞ፣ ለአንዱ ሳይት የተጻፈው የስሪት ዝርዝር ሳይሆን በዚያ አድራሻ ላይ ዋና ተብሎ የተቀመጠው ሰርቨር ዝርዝር ሊሠራ ስለሚችል፣ እያንዳንዱን ሳይት በስሙ ጠርቶ ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል።